የስንዱ ሮማን

ልጄ ናርዶስ በጥቅምት ሞተች።

በሰባተኛው ቀን ወደ ማታ ለቅሶ ደራሹ ቀነሰ። እናቴ ታላቅ ልጄን ብሌንንና የጎረቤት ልጆችን በድንኳኑ ጥግ ሰበሰበች። አንድ ሰፌድ ንፍሮ መሀላቸው አስቀመጠች። ተረት ነገረቻቸው። እኔ ምሰሶው አጠገብ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እንደ ነገረችው ጻፍኩት።

፦ ተረት ተረት።

፦ የአያት መሬት።

፦ አልሰማሁም። አፋችሁ ንፍሮ ሞልቷል እንዴ? ተረት ተረት።

፦ የአያት መሬት።

እንግዲህ ስሙ። በድሮ ዘመን፣ ወንዝ በድልድይ ሳይታሰር፣ አዝመራው የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ ደብሬ ትባላለች። ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ፣ ከገደሉ ሥር ነው። መሬታቸው ጥቁር ነው። ላም ነበራቸው። ቀፎ ነበራቸው። ልጅ ግን አልነበራቸውም። አንድ ዓመት ጠበቁ። ሁለት ዓመት ጠበቁ። ሰባት ዓመት ጠበቁ። በስምንተኛው ዓመት ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ስንዱ አሏት።

በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ እትብቱ ከጓሮ ይቀበራል። በላዩም አባት ዛፍ ይተክላል። ያጣ ኮርች ይተክላል። ኮርች የትም አለና። ያለው ወይራ ይተክላል። አዝመራው ግን ሦስት ቀን ተጉዞ ከቆላ ገበያ የሮማን ችግኝ ገዛ። በአህያ አልጫነውም። ይሰበርብኛል ብሎ በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ፦ «እንኳን ማርያም ማረችህ» አለው። እሱም፦ «አሜን» እያለ አለፈ።

ከዚያም ልጅቱ አደገች። ሮማኑም አደገ። ልጅቱ ስትድህ ሮማኑ ቅርንጫፍ አወጣ። ልጅቱ ስትሮጥ ሮማኑ አበበ። ቀይ አበባ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ፍም ይመስላል። በአምስት ዓመቷ የመጀመሪያውን ፍሬ ያዘ። አንዲት ፍሬ ብቻ። አዝመራው ቆረጣትና በጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈለጣት። ለሦስት ተካፈሏት። የስንዱ አገጭ ቀላ። ደብሬ ልትጠርግላት ስትል ስንዱ፦ «ተይው፣ ይታይ» አለች።

ስንዱ አንድ አመል ነበረባት። መስጠት ትወዳለች። ቤታቸው የገባ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። ሌላ ቢጠፋ ጠጠር ትሰጠዋለች። «ይህ ጥሩ ጠጠር ነው፣ ክብ ነው» ትላለች።

ከወንዙ ማዶ እማማ ወለቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። እንቅብ ሰፍተው ያድራሉ። ባላቸው ሞቷል። ልጅ አልወለዱም። ጓሯቸው ግን በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። የአገሩ ሰው፦ «እማማ ወለቱ ምርኩዛቸውን ረስተው ቢያድሩ ጠዋት ቅጠል አውጥቶ ይጠብቃቸዋል» ይላል።

አንድ ቀን እማማ ወለቱ እንቅብ ሊያደርሱ መጡ። ሮማኑን አዩና ቆሙ። ስንዱ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር።

፦ ይፈልጋሉ?

፦ ብፈልግስ ትሰጪኛለሽ?

፦ እሰጣለሁ። ፍሬውን ነው እንጨቱን?

እማማ ወለቱ ሳቁ።

፦ እንጨቱን ስጪኝ የኔ ልጅ። ፍሬው ዛሬ ይበላል። እንጨቱ ከርሞ ያበላል።

ስንዱም ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ሰበረችና ሰጠቻቸው። እሳቸውም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ።

ማታ አዝመራው ከእርሻ ገባ። የተሰበረውን አየ። ደም እንደሚፈሰው የሰው ቁስል አጎንብሶ አየው።

፦ ይህን ማን ሰበረው?

፦ እኔ። ለእማማ ወለቱ ሰጠኋቸው።

፦ እትብትሽ እኮ ከዚህ ሥር ነው። እትብት አይበተንም። የሰጠሽው እንጨት አይደለም። ገድሽን ነው። ነገ ሄደሽ አምጪ።

ደብሬ ከውስጥ ሰማች።

፦ ኧረ አንተ ሰው፣ ልጅቱን አታስፈራራት። አንዲት ጭራሮ ናት።

፦ አንቺ ዝም በይ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ጭራሮ አይደለም።

በማግስቱ ስንዱ ወንዙን ተሻገረች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

፦ የታለ?

፦ ተክለውታል።

፦ ታዲያ ነቅለሽ አታመጪም?

፦ እማማ ወለቱ «ለአባትሽ ንገሪው፣ የተተከለ አይነቀልም» አሉ።

አዝመራው ምን ይበል? በዚያ አገር ይህ ሕግ ነው። ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ርቦህ የሰው ማሳ ገብተህ እሸት ብትበላ ይቅር ትባላለህ። ሰው የተከለውን ብትነቅል ግን እሳት የሚያውስህ ጎረቤት አታገኝም። ነውር ነው። እናንተም ዕወቁት።

፦ ችግኝ ቢሆንስ እምዬ?

አለች ብሌን።

፦ ችግኝም ቢሆን። ጭራሮም ቢሆን። አፈር ከነካ በኋላ አይነቀልም።

አዝመራው ከዚያ በኋላ እሾህ ቆረጠና ሮማኑን ዙሪያውን አጠረው። አጥሩ ደረት ይደርሳል። የመንደሩ ሰው ሳቀበት። አያ ክንፉ የሚባል ጎረቤት ነበረው፣ ምላሱ የማያርፍ። በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገና፦

፦ አዝመራው፣ ለሮማን እንዲህ ያጠርክ፣ ለደብሬማ ግንብ ልትገነባላት ነው?

፦ ሥራህን ሥራ አያ ክንፉ።

፦ እሠራለሁ። ግን ሰማህ ወይ፣ ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች። ለእትብቷ አንድ ቅርንጫፍ ስጠኝ። ኮርች ሰልችቶኛል።

፦ የለም።

፦ ይኸው ከፊቴ ቆሞ የለም ትላለህ?

፦ ለሰው የሚሰጥ የለም አልኩህ።

አያ ክንፉ ሄደ። ሌላም መጣ። ሌላም መጣ። ሁሉም አንድ ቅርንጫፍ ነው የጠየቀው። አሥራ አንድ ሰው ጠየቀ። አሥራ አንዱንም የለም አለ። ልጁን የወደደ መስሎት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ቀን ስንዱ እጇን በእሾሁ መሀል አሳልፋ አበባ ልትነካ ስትል ተጫረች። ደሙን እየመጠጠች ወደ አባቷ መጣች።

፦ አባዬ፣ እኔንም እኮ አያስገባኝም።

፦ ስታድጊ እከፍትልሻለሁ።

አላት። እሷም እሺ አለች።

ስምንት ዓመት ሆናት። ክረምቱ ወጣ። ወንዙ ጎደለና በየዳርቻው ኩሬ ቀረ። በጥቅምት ንዳድ ገባ። ስንት ቤት ገባ። አዝመራው ቤትም ገባ። በመጀመሪያው ቀን ስንዱ በረደኝ አለች። በሁለተኛው ቀን ሞቀኝ አለች። በሦስተኛው ቀን ምንም አላለችም።

እናቴ እዚህ ላይ ቆመች። ልጆቹ ንፍሮውን መዝገን ተዉ።

፦ እንደ ናርዶስ?

አለች ብሌን።

፦ አዎ። እንደ ናርዶስ።

አለች እናቴ። ከዚያም ቀጠለች።

ቀበሯት። ሰው ተበተነ። አዝመራው ከቀብር ሲመለስ ቤት አልገባም። ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደና አጥሩን በባዶ እጁ አፈረሰው። እሾሁ ወጋው። አልተሰማውም። «ከስንዱ የቀረኝ ይህ ነው» አለ። እንስራ አነሳና ወንዝ ወረደ። በዚያ አገር ወንድ እንስራ አይሸከምም። እሱ ግን ተሸከመ። ጠዋት አጠጣው። ቀትር ላይ አጠጣው። ሲመሽ አጠጣው። ሰዎች እንደ ጉድ አዩት፤ ኀዘን ነውና ማንም አልሳቀም። አያ ክንፉም አልሳቀም።

የሮማኑ ቅጠል ቢጫ ሆነ። አዝመራው ጠማው ብሎ እጥፍ አጠጣው። ቅጠሉ ረገፈ። አሁንም አጠጣው። ውሃ የጠገበ ዛፍ በቃኝ የሚልበት አፍ የለውም። ሥሩ እዚያው ጭቃው ውስጥ በሰበሰ። ታኅሣሥ ሲገባ ዛፉ ሁሉ ደርቆ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ለምለም ቀረ።

ያኔ ደነገጠ። እማማ ወለቱ ያደረጉትን አስታወሰ። ቆርጦ ቢተክለውስ? ቅርንጫፉ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል። ከዚያ በላይ የለውም።

የመጀመሪያውን ቆረጠ። ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ላዩን ከታቹ አልለየም። ገልብጦ ተከለው። አናቱ አፈር ውስጥ ገባ። በሳምንቱ ደረቀ።

ሁለተኛውን ቆረጠ። አሁን ላዩን ከታቹ ለየ። ግን ጫፉ ላይ አንድ አበባ ነበረ። ቀይ አበባ። ይህን አበባ እንዴት አድርጌ እቆርጣለሁ አለ። ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው ተከለው። ሥር የሌለው እንጨት አበባ ሊመግብ አይችልም። አበባው ሦስት ቀን አማረ። በአራተኛው ቀን ጠወለገ፤ እንጨቱንም ይዞት ሄደ።

ሦስተኛው ቀረ። የመጨረሻው ነው። ቆረጠና በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። ወንዙን ተሻገረ። እማማ ወለቱ ደጃቸው ላይ እንቅብ ሲሰፉ አገኛቸው። ልጁን «ያን ቅርንጫፍ አምጪ» ብሎ መላኩ ትዝ አለውና አፈረ። አልገባም። ከበሩ ላይ ቆሞ ነገራቸው።

፦ ገልብጬ ተከልኩት።

፦ ሰውን በአናቱ አቁመህ ብላ ትለዋለህ?

፦ ሁለተኛውን ከነአበባው ተከልኩት። አሳዘነኝ።

እማማ ወለቱ ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

፦ ስማኝ ልጄ። ቅጠሉን አራግፍ። አበባ ካለው ቁረጥ፤ አይዘንልህ። ታችኛውን ከአንጓው ሥር ሹል አድርገህ በስለት ቁረጥ፤ እንዳይምታታብህ። ሁለት አንጓ አፈር አልብስ። ሁለት አንጓ ከላይ ተው። ጥላ ሥር አድርገው። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከዚያ በኋላ እጅህን ሰብስብ።

፦ እስከ መቼ?

፦ ቅጠል እስኪያወጣ።

፦ ሥር ማውጣቱን በምን አውቃለሁ?

፦ አታውቅም።

፦ እንዴት ሳላውቅ?

፦ አታውቅም አልኩህ። ስለማታውቅ ነው የምትጠብቀው። በል ግባና ጓሮዬን እይ።

፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይደርቅብኛል።

አለና ሮጠ።

እንዳሉት አደረገ። ቅጠሉን አራገፈ። ታቹን አሾለ። በቤቱ ጥላ ሥር ተከለው። አፈሩን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። አንድ ቀን ዋለ። ሁለት ቀን ዋለ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አላስችል አለው። ነቀለና አየው። ሥር የለውም። መልሶ ተከለው። በማግስቱም ነቀለና አየው። በማግስቱም።

፦ የተተከለ አይነቀልም እኮ!

አለ አንድ ልጅ።

፦ «የሰው አይነቀልም። ይህ የራሴ ነው» አለ አዝመራው በልቡ።

በሃያኛው ቀን ከሹሉ ጫፍ ላይ ጤፍ የምታህል ነጭ ነገር አየ። ደስ አለው። ልጁ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ደስታው ነው።

፦ ደብሬ። ነይ እይ።

ደብሬ አልወጣችም።

፦ መልሰህ ትከለው።

አለች ከውስጥ።

በሠላሳኛው ቀን አንዲት ሥር አወጣ። የሸረሪት ድር ታህላለች። አዝመራው እንጨቱን በመዳፉ ይዞ ለደብሬ ሊያሳያት ገባ። በሩ ላይ ሲደርስ አየ። ሥሯ የለችም። ሲነቅለው ተበጥሳ አፈሩ ውስጥ ቀርታለች። ሮጦ ተመለሰ። አፈሩን በጣቱ ፈለፈለ። አላገኛትም። እንጨቱን መልሶ ተከለው። በሳምንቱ ጠቆረ።

ማታ አዝመራው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፦ «የልጄን ሁሉ ጨረስኩ» አለ። ያን ጊዜ ደብሬ ተናገረች። ሦስት ወር ሙሉ ብዙ አልተናገረችም ነበር።

፦ ስንዱን እኔም ወልጃታለሁ።

፦ መች ጠፋኝ?

፦ ውሃ ስትቀዳ እኔ እዚህ ነበርኩ። ስትቆፍር እዚህ ነበርኩ። አንድ ቀን «ነይ አብረን እናልቅስ» ብለኸኝ አታውቅም። «ነይ ሥር እይ» ነው ያልከኝ።

አዝመራው እሳቱን ቆሰቆሰ። እሳቱ ምንም መቆስቆስ አላስፈለገውም ነበር።

በማግስቱ ወንዙን ተሻገረ። እማማ ወለቱ ደጅ ተቀመጠ።

፦ ገደልኩት።

፦ ስንት ጊዜ ነቀልከው?

፦ በየማለዳው።

አልተቆጡትም። ክንዱን ይዘው አስነሡትና ወደ ጓሮ ወሰዱት። ከጓሮው መሀል ሮማን ቆሟል። ቁመቱ ከአዝመራው ይበልጣል። አበባ አለው። ሁለት ፍሬም ይዟል። አዝመራው ግንዱን አቅፎ ተንበረከከ።

፦ የስንዱ ነው። የልጄ ነው።

፦ የኔ ነው።

አሉ እማማ ወለቱ።

፦ ሰጥታኛለች እኮ። አምጪ ብለህ የላክሃት ዕለት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ልንቀልልሽ?» አልኳት። «አይንቀሉት» አለች። «አባትሽስ?» ብላት «አባዬ ይቆጣና ይተዋል» አለች።

አዝመራው እዚያው አለቀሰ። እማማ ወለቱ እንቅባቸውን አምጥተው አጠገቡ እየሰፉ ጠበቁት። ሲጨርስ፦

፦ አንድ ቅርንጫፍ ይስጡኝ።

፦ እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን፣ የለም ያልካቸው ስንት ናቸው?

፦ አሥራ አንድ።

፦ አሥራ አንድ እቆርጥልሃለሁ። በየደጃቸው ዞረህ በእጅህ ትተክላለህ። አሥራ ሁለተኛው ያንተ ነው።

ቆረጡለት። ቅጠሉን አብረው አራገፉ። አበባውን እሱ ራሱ ቆረጠ። ከዚያም ከቤት ቤት ዞረ። አያ ክንፉ ደጅ ሲደርስ፣ አያ ክንፉ የያዘውን አየና፦

፦ ለልጅቱ ነው?

፦ ለልጅቱ። እትብቷ የት ነው?

፦ ይኸው እዚህ ጋ። ኮርቹ ደርቆብናል።

ተከለላት።

እንግዲህ አዝመራው ያው አዝመራው ነው። በማግስቱ ማለዳ ተነሥቶ ዞረ። በየአጥሩ ቆሞ አየ። እጁ በላው። ግን የሰው ደጅ ነው። የሰው ተክል ነው። አያ ክንፉ ወጣ።

፦ ምን ፈልገህ ነው በጠዋት?

፦ ልየው ብዬ ነው።

፦ እየው። እጅህን ግን በጋቢህ ውስጥ አድርግ።

እጁን በጋቢው ውስጥ አደረገ። በየማለዳው እንደዚያ ሆነ። አርባ ቀን አለፈ። በአንዱ ደጅ የአይጥ ጆሮ የምታህል ቀይ ቅጠል ወጣች። በሌላውም ወጣች። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ጸደቁ። ሁለቱ ደረቁ። ተክል ነውና ሁሉም አይጸድቅም።

፦ የሱስ እምዬ? አሥራ ሁለተኛው?

የሱን ከስንዱ እትብት ላይ ተከለው። አንድ ቀን እንኳ አልነቀለውም። ማምሻውን ደብሬ ወጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሁለቱ አብረው ያዩታል። አንዳንድ ቀን ያለቅሳሉ። አንዳንድ ቀን ስለ ስንዱ ያወራሉ። ስለ ጠጠሮቿ። ግን አፈሩ ያን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ በስብሶ ነበር። አልጸደቀም። ደረቀ። አዝመራው መድረቁን እያወቀም አልነቀለውም። እንጨቱ ባለበት ቆመ።

፦ ስንዱስ? ተመለሰች?

አለች ብሌን።

፦ አልተመለሰችም የኔ ልጅ። ሞት ወንዝ አይደለም። ተሻግረው አይመለሱበትም።

፦ እሺ ከዚያስ?

ከዚያማ ዓመታት አለፉ። እማማ ወለቱም አረፉ። አንድ ጥቅምት ደግሞ የስንዱ ሙት ዓመት ደረሰ። አዝመራውና ደብሬ ቤታቸው ተቀምጠዋል። የጠሩት ሰው የለም። ውጭ ኮቴ ሰሙ። ወጡ። ዘጠኙ ቤት መጥቷል። እያንዳንዱ አንድ አንድ ሮማን ይዟል። ተማክረው አልነበረም ይባላል። እኔ ግን አያ ክንፉ ሳያማክራቸው አይቀርም እላለሁ።

የአያ ክንፉ የልጅ ልጅ ከፊት ወጣች። አምስት ስድስት ዓመቷ ነው። ፍሬውን በሁለት እጇ ሰጠችው።

፦ እንኩ። ከዛፌ ነው።

አዝመራው ተቀበላት። ቁልቁል አያት።

፦ ዛፉ የማን ነው?

፦ የኔ። እትብቴ ከሥሩ አለ። አያቴ ነው የነገረኝ።

የቀድሞው አዝመራው ቢሆን የሚለው ነበረው። አሁን ግን፦

፦ አዎ። ያንቺ ነው።

አላት። ከዚያም ደጁ ላይ ተቀመጠ። ፍሬዋን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈለጣት። እጁ ለምዶ ለሦስት ከፈላት። አንዷን ለደብሬ ሰጠ። አንዷን ለራሱ ያዘ። ሦስተኛዋ መዳፉ ላይ ቀረች። ወዴት እንደሚያደርጋት ጠፋው።

ደብሬ እጇን ዘረጋችና ከመዳፉ አነሣቻት። ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱም በላች። አገጯ ቀላ። ደብሬ ልትጠርግላት ስትል አዝመራው፦ «ተይው፣ ይታይ» አለ።

ተረቴን መልሱ፣ ከንፍሮው ዝገኑና አፌን አብሱ።

ልጆቹ ዘገኑ። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ተረቱን ስትነግር አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየችም። ማየትም አላስፈለጋትም።

ናርዶስ ከመታመሟ በፊት የጽጌረዳ ቁራጭ በዘይት ጣሳ ተክላ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው የሰጧት። ሰባቱን ቀን ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሣ እየነቀልኩ አይቼዋለሁ።

ጣሳውን ይዤ እትዬ አስካለ ደጅ ሄድኩ። አጥራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

፦ እርስዎ ጋ ይቆይ። ስመጣ እንዳያስነኩኝ።

፦ እሺ የኔ ልጅ።

አሉኝ። ተመለስኩ። ባለቤቴ ሰናይት ድንኳኑ ውስጥ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።